ሮቨሩ ፊክስ እምቢ ሲል፦ ከለገሃር እስከ ፖስታ ቤት

ሰኞ ጠዋት፣ ለገሃር

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ይዞ እስከ ዋናው ፖስታ ቤት ያሉትን የማንሆል ክዳኖች፣ የከርብ ድንጋዮችና የመብራት ምሰሶዎች ለክቶ ማስረከብ። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው ቁራጭ መንገድም አለበት። የተጠየቀው ትክክለኛነት በአግድም 2 ሴንቲሜትር፣ በከፍታ 3 ሴንቲሜትር ነው። ለአርቲኬ ጂፒኤስ፣ ማለትም በሌላ ቋሚ ሪሲቨር እርማት እየታገዘ በሴንቲሜትር ለሚለካው፣ ብርቅ ነገር አይደለም።

መሣሪያው ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እያስቸገረ ነው። ከኛ በፊት የወጣው ቡድን «ሳተላይት የለም» ብሎ ነው የተመለሰው። ይቺ አባባል ታናድደኛለች። ሳተላይትማ ሞልቷል። የጂፒኤሶቹ ብቻ በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 30 ይጠጋሉ። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ሲደመሩ ከመቶ ያልፋሉ። ጥያቄው ሌላ ነው። ሲግናሉ ከሰማይ ተነስቶ ኮንትሮለሩ (በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ) ስክሪን ላይ እስኪደርስ የት ቦታ ነው የሚበላሸው?

የያዝነው ዕቃ ይሄ ነው። ቤዙ፣ አንድ ቦታ ተተክሎ እርማት የሚልከው ሪሲቨር፣ አሮጌ ነው፤ አንቴናው ለብቻው ሆኖ በኬብል ከሪሲቨሩ ጋር ይገናኛል። ሰንጋተራ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ተተክሏል። ሮቨሩ፣ በፖል ላይ ሆኖ ነጥብ ለነጥብ የሚዞረው፣ አዲስ ነው፤ አራቱንም የሳተላይት ቤተሰብ ይይዛል። ሌላ ሮቨር ደግሞ ከጓደኛዬ ተውሻለሁ። አለቃችን «ሁለተኛው ለምንድን ነው?» አለኝ። የሚነጻጸር ነገር ከሌለ ችግር መፈለግ ግምት ብቻ ነው።

ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ከቀላል ባቡሩ ድልድይ ራቅ ብለን ፖሉን አቆምን። ሰማዩ ክፍት ነው። ስክሪኑ የሚታዩ ሳተላይቶችን 31 ይላል። ጥቅም ላይ የዋሉትን ደግሞ 8። ፊክስ (የሴንቲሜትር ትክክለኛነት ያለው ውጤት) ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ፍሎት (ገና ያልጠራ ግምት) ይወርዳል፣ እንደገና ይመጣል።

ረዳቴ «31 ካየ ምን ጎደለው?» ይላል። ብዙ ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው። ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። አርቲኬ የሚሠራው ቤዙም ሮቨሩም በአንድ ጊዜ በያዟቸው ሳተላይቶች ነው። ሮቨሩ ብቻውን ያየው ለፊክስ አይረዳም። በ31 እና በ8 መካከል ያለው ልዩነት ወደ ጣሪያው እየጠቆመ ነው። ያም ሆኖ መጀመሪያ ሮቨሩን ነፃ ማውጣት አለብን።

ሰኞ ከሰዓት፣ መስቀል አደባባይ

ለሙከራ ክፍት ቦታ ሲፈለግ መሃል ከተማ ውስጥ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ደብዳቤያችንን አሳይተን ሁለት ትራይፖድ ዘረጋን። ርቀቱን በሜትር ለካን። የተዋስነውን ሮቨር ቤዝ አደረግነው፣ የኛን ሮቨር ከአጠገቡ አቆምነው።

ወዲያው ፊክስ። 29 ሳተላይት ጥቅም ላይ ዋለ። በሁለቱ መካከል ያወጣው ርቀት በሜትር ከለካነው ጋር ገጠመ። አጥፍተን አበራን፣ ቦታ አቀያየርን፣ ያው ነው። ሮቨሩ ንጹህ ነው።

እግረ መንገዴን የሲግናል ጥንካሬውን ገጽ ለረዳቴ አሳየሁት። አብዛኞቹ ልጆች ይህን ገጽ ከፍተውት አያውቁም። በኔ እይታ ኮንትሮለሩ ላይ ካሉት ገጾች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ጤነኛ መሣሪያ ክፍት ቦታ ላይ ከፍ ብሎ ከሚታይ የጂፒኤስ ሳተላይት በኤል 1 (እንደ ኤል 2 እና ኤል 5 ጂፒኤስ ከሚያስተላልፍባቸው ድግግሞሾች አንዱ ነው) ላይ ከ45 እስከ 50 ዴሲቤል ያነባል። ወደ አድማስ ሲወርድ 40፣ ከዚያም በታች ይሆናል። 35 አካባቢ የሚዋዥቅ ሳተላይት ለፊክስ ሸክም ነው።

ትልቁ ነገር ቁጥሩ እንዴት እንደሚወርድ ማየት ነው። የሁሉም ሳተላይት ጥንካሬ እኩል ከወረደ ጥፋቱ መሣሪያው ጋ ነው፦ አንቴና፣ ኬብል፣ ኮኔክተር። በአንድ አቅጣጫ ያሉት ብቻ ከወረዱ አንድ ነገር ጋርዷቸዋል። የአንዱ ሳተላይት ቁጥር ቀስ እያለ ሽቅብ ቁልቁል እንደ ማዕበል ከሄደ ነጸብራቅ ነው። ቦታ ሲቀየር ሁሉም በአንዴ ወርደው በአንዴ ከተመለሱ ደግሞ በአቅራቢያ የሚረብሽ አስተላላፊ አለ። ረዳቴ ይህን በስልኩ ጻፈው። ፎቶ ከማንሳት ይሻላል።

አንዲት እናት በአጠገባችን ሲያልፉ ቆም አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ቤት ነው የሚለካው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ የፍሳሽ ክዳን ነው» አልኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ጂፒኤስ ይዞ መሃል አዲስ አበባ የቆመ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ አይውልም።

ማክሰኞ፣ ጣሪያው ላይ

የጣሪያውን ቁልፍ ለማግኘት ግማሽ ጠዋት ሄደ። ጥበቃው አዛውንት ናቸው። «ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ፈቅደውልን ነበር» ስላቸው «ባለፈው ሳምንት ሌላ ተረኛ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ጣሪያው የአዲስ አበባ ጣሪያ ነው። ከፊሉ ኮንክሪት፣ ከፊሉ ቆርቆሮ፣ ጥግ ላይ ሁለት ሮቶ፣ የቀረው በሙሉ ዲሽ። የቤዙ አንቴና ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ከአንድ ዲሽ አጠገብ ቆሟል። ማን እዚያ እንዳቆመው አልጠየቅሁም።

የቤዙን የሲግናል ገጽ ከፈትኩ። ኤል 1 ደህና ሊባል ይችላል፣ ከሚጠበቀው ትንሽ ዝቅ ብሏል። ኤል 2 ግን የለም ማለት ይቀላል። ከፍ ብለው የሚታዩት እንኳ 30ን አያልፉም። በየትኛውም አቅጣጫ ያው ነው። እንግዲህ በትናንቱ አነጋገር መሣሪያው ጋ ነው ማለት ነው።

ኬብሉን ከአንቴናው ነቀልነው። የኮኔክተሩ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ነው የከረመው፣ የተጠቀለለበት ቴፕም ተላጧል። ረዳቴ መልቲሜትር አምጥቶ በኬብሉ የሚሄደውን ቮልቴጅ ለካ። አንቴናው ውስጥ ያለው ማጉያ የሚሠራው ከሪሲቨሩ በዚሁ ኬብል በሚሄድ ኃይል ነው። 5 ቮልት አሳየ። «ደህና ነው» አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ኬብሉ ከአንቴናው ተነቅሎ ሲለካ የሚሸከመው ጭነት የለም። ስለዚህ የበሰበሰ ኮኔክተርም ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያል። በዚያ ላይ ውሃ የገባበት ኬብል የባትሪ ኃይል አሳልፎ በጊጋኸርዝ የሚመጣውን ሲግናል ሊውጥ ይችላል። ያለው ፈተና አንድ ነው። በሚታመን ኬብል መቀየር። ከቢሮ ሌላ አምጥተን ቀየርን። ኤል 2 ወዲያው ከ10 ዴሲቤል በላይ ከፍ አለ።

እዚያ ላይ ብናቆም ኖሮ ግማሹን ብቻ ፈትተን እንወርድ ነበር። ኤል 1 አሁንም ከመስቀል አደባባዩ ያንሳል፣ በሁሉም ሳተላይት ላይ። ኬብሉ አዲስ ነው። አንቴናውን በተዋስነው መሣሪያ ተካነው፤ እዚያው ቦታ ላይ እሱም ደከመ። ትናንት አደባባዩ ላይ 48 ያነበበው ዛሬ 41 ነው። ስለዚህ የቦታው ነገር ነው።

ዲሹን አየሁት። ከኤልኤንቢው፣ ዲሹ ፊት ካለው መቀበያ፣ የሚወርደው ኬብል መሃል ላይ ተቆርጦ፣ በእጅ ተጠማዝዞ፣ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ከአንቴናችን አንድ ሜትር አይርቅም። ኤልኤንቢ ከሳተላይት ቴሌቪዥን የሚቀበለውን ወደ 950–2150 ሜጋኸርዝ አውርዶ ነው በኬብል የሚልከው። የጂፒኤስ ኤል 1 በ1575.42 ሜጋኸርዝ፣ ኤል 2 በ1227.60፣ ኤል 5 በ1176.45 ላይ ናቸው። ሦስቱም እዚያው መሃል ይወድቃሉ። ጤነኛ ኬብል ሲግናሉን ሸፍኖ ይይዛል። የተበጣጠሰው ያፈስሳል። የሚያፈስሰው ትንሽ ነው፣ የጂፒኤስ ሲግናል ግን መሬት ሲደርስ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው።

ይህን ግምት ማረጋገጥ ቀላል ነበር። ኤልኤንቢው ኃይል የሚያገኘው ከታች ካለው ዲኮደር ነው። ዲሹ የላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ካፌ ንብረት ነው። ወርጄ አስተናጋጇን «እህት፣ ዲኮደሩን ለትንሽ ደቂቃ ከሶኬት ትነቅይልን?» አልኳት። «ደንበኞች ዜና እያዩ ነው» አለች። ማኪያቶ አዘዝኩ። ዜናው አለቀ። ነቀለችው። ረዳቴ ከላይ በስልክ «ወጣ! 47!» ብሎ ጮኸ። ስትሰካው ተመልሶ ወረደ።

በነገራችን ላይ የቴሌቪዥን ዕቃ ጂፒኤስን ሲረብሽ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ በሚባል ወደብ ጂፒኤስ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘው ምክንያት ጀልባዎች ላይ ያሉ የቴሌቪዥን አንቴና ማጉያዎች ነበሩ።

ካፌውን ቴሌቪዥን አጥፋ ማለት አይቻልም። አንቴናውን አነሳነው። ከቆርቆሮው ወደ ኮንክሪቱ፣ ከዲሾቹ ወደ ሌላኛው ጫፍ። ቆርቆሮውም በራሱ ችግር ነው። ሲግናል ከላይ ሲመጣ ቆርቆሮው መልሶ ከሥር ወደ አንቴናው ይረጨዋል፣ በተለይ ዝቅ ካሉ ሳተላይቶች የሚመጣውን። ሮቶዎቹን ደግሞ ከአንቴናው በታች እንዲቀሩ ምሰሶውን ከፍ አደረግን። ውሃ የሞላ ሮቶ ለዚህ ሲግናል ግድግዳ ነው። ካፌውን የኬብሉን ቅጥያ እንዲያሠራም ነገርነው። ይሠራዋል ብዬ አልጠብቅም።

ማክሰኞ ማታ፣ ቢሮ

ከጥገናው በኋላ ሮቨሩ ጥቅም ላይ የሚያውላቸው ሳተላይቶች 8 የነበሩት 14 ሆኑ። ደስ ይላል፣ ግን 29 አይደለም። የቀረው በኮኔክተርም በዲሽም አይደለም። አሮጌው ቤዝ የሚልከው እርማት አርቲሲኤም በሚባለው የእርማት መላኪያ ደረጃ 1004 እና 1012 መልእክቶች ነው። የመጀመሪያው ጂፒኤስን፣ ሁለተኛው ግሎናስን ይይዛል። ጋሊሊዮና ቤይዱ የሉበትም። ሮቨሩ ያያቸዋል፣ የሚያመሳክርበት ግን የለውም።

ክፍት ሜዳ ላይ 14 ከበቂ በላይ ነው። ሕንፃዎቹ መሃል ግን ግማሽ ሰማይ ሲሸፈን 14ቱ 6 ይሆናሉ። ስለዚህ የተዋስነውን መሣሪያ ቤዝ አድርገን ጣሪያው ላይ ለመተው ወሰንኩ። እሱ ኤምኤስኤም የሚባሉትን መልእክቶች ይልካል፦ 1074፣ 1084፣ 1094፣ 1124። በቅደም ተከተል ጂፒኤስ፣ ግሎናስ፣ ጋሊሊዮ፣ ቤይዱ። ለጓደኛዬ ደውዬ የውሰቱን ጊዜ አራዘምኩ። ክፍያው ክትፎ ነው ብሏል።

ረቡዕ፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ

ጠዋት ለገሃር ላይ ምንም ችግር የለም። 27፣ 28 ሳተላይት፣ ፊክስ አልወርድ አለ። ወደ ላይ ስንወጣ ሬዲዮው መቆራረጥ ጀመረ። ይህን ከሰማዩ ችግር መለየት ቀላል ነው። ኮንትሮለሩ ላይ የእርማቱን ዕድሜ የሚያሳይ ቁጥር አለ። 1 ወይም 2 ሰከንድ ከሆነ እርማቱ እየደረሰ ነው። 5፣ 10፣ 20 እያለ ከወጣ ሳተላይቱን አትውቀስ፣ ግንኙነቱ ነው የተቋረጠው። ከቤዙ ሬዲዮ ወደ ሞባይል ዳታ ቀየርን። ዕድሜው ወደ 1 ተመለሰ። ዳታውም ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይንቀራፈፋል፣ ግን ከሬዲዮው ተሻለ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የሳምንቱ ከባድ ነገር ነው።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የረጃጅም ሕንፃ ሰፈር ሆኗል። 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃም እዚሁ ነው። ከአንድ የመስታወት ሕንፃ ሥር ያለ ማንሆል ላይ ፖሉን አቆምን። ፊክስ አለ። ስክሪኑ «1.4 ሴንቲሜትር» ይላል። ረዳቴ መዝግቦ ሊሄድ ነው። «ቆይ» አልኩት። ፖሉን አዘንብሎ አንቴናውን ወደ መሬት እንዲደፋው፣ ፊክሱ እስኪጠፋ እንዲጠብቅና መልሶ እንዲለካ አደረግሁ። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው በከፍታ 37 ሴንቲሜትር ተለየ። እሱም ፊክስ ነው። እሱም «1.6 ሴንቲሜትር» ይላል።

የቱ ነው ትክክል? ከሁለቱ አንዱም ላይሆን ይችላል።

ፊክስ ማለት መሣሪያው ከሳተላይቱ እስከ አንቴናው ስንት ሙሉ ሞገድ እንዳለ ቆጥሬ ጨርሻለሁ ሲል ነው። የኤል 1 ሞገድ 19 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ የኤል 2 ደግሞ 24። ቆጠራው በአንድ ሞገድ ቢሳሳት ስህተቱ እንደዚያ ይዘላል። መስታወቱ ሥር የሚሆነው ይህ ነው። ሳተላይቱ ከሕንፃው ጀርባ ነው፣ በቀጥታ አይታይም። የሚደርሰን ከማዶ ካለው መስታወት ተንጸባርቆ የመጣው ነው፣ እንደ ገደል ማሚቶ። መሣሪያው ግን ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ሲግናል ሲግናል ነው። የተሳሳቱት ከበዙ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፣ ኮንትሮለሩም ተማምኖ 1.4 ይጽፋል። ያ ቁጥር የመሣሪያው ግምት ነው። ማረጋገጫ አይደለም።

እኔ ፍሎትን አልፈራም። ፍሎት «አላወቅሁም» ይላል፣ ሰውም ይጠነቀቃል። የሚያስፈራው የውሸት ፊክስ ነው። ተለክቶ፣ ተመዝግቦ፣ ፕላን ላይ ወጥቶ፣ ቆፋሪው ቧንቧውን እስኪመታ ማንም አያይም።

የሞከርናቸው ነገሮች፦ የኤሌቬሽን ማስኩን (ከሱ በታች ያሉ ሳተላይቶች የማይቆጠሩበትን የከፍታ አንግል) ከ10 ዲግሪ ወደ 15 ከፍ አደረግሁ። ትንሽ ረዳ። ወደ 25 ሳደርሰው የተረፉት ሳተላይቶች ከአናት ላይ ብቻ ሆኑና ፒዶፕ (የሳተላይቶቹ አሰላለፍ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ከ6 በላይ ወጣ፣ ከፍታው ተበላሸ። መለስኩት። ማስክን ለሁሉም በሽታ መድኃኒት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ እኔ ከነሱ አይደለሁም። ደካማ ሲግናል ያላቸውን አንድ በአንድ ማጥፋት የተሻለ ሠራ። ያም ሆኖ ከመስታወቱ ሥር ያሉት ነጥቦች ላይ ልቤ አልተረጋጋም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልን። ቸርችል ጎዳና ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። ግራና ቀኝ ሕንፃ ሲቆም የሚቀረው ሰማይ በመንገዱ ርዝመት ያለው ነው። ስለዚህ በመንገዱ ርዝመት ያለው ልኬት ደህና ይሆንና ወደ ጎን፣ ማለትም ምሥራቅ ምዕራብ ያለው ይላላል። ከርብ ድንጋይ ለሚለካ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው በትክክል ያ የጎኑ ነው። ዕድል አይደለም።

ሐሙስ ማታ፣ ለገሃር

አለቃችን «ትራፊክ ሲቀንስ ማታ ሥሩት» አለ። ሐሳቡ ከመኪና አንጻር ጥሩ ነው። ከሰማዩ አንጻር ግን ጥቅምት ላይ ነን። አስጠንቅቄ ነበር፣ ይየው ብዬ ወጣሁ።

12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገባች። እስከ 1 ሰዓት ሁሉም ሰላም ነው። 1 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል በምዕራብ በኩል ያሉት ሳተላይቶች ኤል 2 መዝለል ጀመረ። 42 የነበረው በሰከንዶች ውስጥ 28፣ ከዚያ 40፣ ከዚያ ባዶ። ከአናት ያሉት አልተነኩም። ቀስ እያለ ረብሻው ወደ ምሥራቅ ተሻገረ። 2 ሰዓት ላይ ሮቨሩ ከፍሎት አልወጣ አለ። ቦታው ደግሞ ያው ጠዋት ጥሩ የነበረው ክፍቱ ቦታ ነው። እርማቱ 1 ሰከንድ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ቤዝም ያንኑ እያየ ነው። መሣሪያም፣ ቦታም፣ ግንኙነትም አይደለም። የቀረው ሰማዩ ራሱ ነው።

አዲስ አበባ ከማግኔታዊው የምድር ወገብ አጠገብ ናት። በዚህ ቀበቶ ፀሐይ ከገባች በኋላ አየኖስፌር በሚባለው የላይኛው ከባቢ አየር ንብርብር ውስጥ ሳሳ ያሉ አረፋዎች ይፈጠራሉ። ወደ ላይ ያድጋሉ፣ ወደ ምሥራቅም ይነዳሉ። ሲግናሉ በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ይብረቀረቃል። በመስከረምና ጥቅምት፣ እንዲሁም በመጋቢትና ሚያዝያ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት አካባቢ ይብሳል። ፀሐይ በየ11 ዓመት ገደማ በምትበረታባቸው ዓመታት ደግሞ ይከፋል። የአሁኑ ዑደት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የጀመረ ሲሆን በ2024 አካባቢ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ኤል 2 እና ኤል 5 ከኤል 1 ይበልጥ ይመታሉ።

ይህች ከተማ ከዚህ ሳይንስ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። አራት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የማግኔት መለኪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ይመዘግባል። የተቋቋመውም ከምድር ወገቡ ቅርበት የተነሳ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተከበረበት ጊዜ ነው። ቀያሾች ግን አሁንም ማታ ፊክስ ሲጠፋ ሪሲቨር ወደ ጥገና እንልካለን።

ለአለቃችን ደወልኩ። «እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አለ። ብዙውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይረግባል። «ታዲያ 7 ሰዓት ላይ ትጀምራላችሁ» አለ። ስልኩን ዘግቼ ልጆቹን ወደ ቤት ላክኋቸው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብንጀምር መኪናውም አይበዛም፣ አረፋውም የለም።

ዓርብ፣ ከንጋት ጀምሮ

ለመስታወቱ ሰፈር የመረጥኩት ቶታል ስቴሽን ነው፤ ያለ ሳተላይት አንግልና ርቀት የሚለካው መሣሪያ። ጂፒኤስ የሚያምርበት ቦታ ላይ ይለካ፣ የማያምርበት ቦታ ላይ ይቅር። ለገሃር በኩል ሁለት፣ ፖስታ ቤቱ በኩል ሁለት ነጥብ ሚስማር መትተን ክፍት ቦታ ላይ አቆምን። እያንዳንዱን በተለያየ ሰዓት ደጋግመን ለካን። የሰዓቱ ልዩነት የግድ ነው። ሳተላይቶቹ ቦታ ካልቀየሩ ያው ነጸብራቅ ያንኑ ስህተት ይደግምልሃል፣ አንተም ተስማማ ብለህ ትደሰታለህ። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት መምጣትም አያዋጣም። የጂፒኤስ ሰማይ በየቀኑ 4 ደቂቃ ገደማ ብቻ ቀደም እያለ ራሱን ይደግማል።

የአራቱም ነጥቦች ልዩነት ከ2 ሴንቲሜትር በታች ሆነ። ከዚያ በመካከላቸው በቶታል ስቴሽን ትራቨርስ (ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚያያዝ ልኬት) አካሄድን። የረቡዑን ማንሆል በፕሪዝም ለካነው። ትክክለኛው ከፍታ ከመጀመሪያው «1.4 ሴንቲሜትር» ንባብ በ19 ሴንቲሜትር፣ ከሁለተኛው በ18 ተለየ። መሃላቸው ላይ ቁጭ ብሏል። አማካይ ወስደን ብንገላገል በአጋጣሚ ልክ እንሆን ነበር፣ በሚቀጥለው ማንሆል ግን አጋጣሚው አይደገምም።

ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ስልክ መጣ። «ነጥቦቻችሁ ከድሮው ፕላን ጋር አይገጥሙም፣ ከመቶ ሜትር በላይ ሸሽተዋል፣ ሳተላይቱ አሁንም ችግር አለበት?» ይላል። ይህ የሳተላይት ጉዳይ አይደለም። የድሮው ፕላን አዲንዳን በሚባል ዳተም (የመጋጠሚያ ቁጥሮች መነሻ ሥርዓት) ነው የተሠራው፣ ክላርክ 1880 በሚባለው የምድር ቅርጽ ላይ። የኛ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱም በአንድ የካርታ ፍርግርግ፣ ዩቲኤም ዞን 37፣ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ቁጥሮቹ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ቅየራው ሲደረግ ገጠሙ። ሲግናል ሲበላሽ ስህተቱ በየነጥቡ የተለያየ ነው፤ ሁሉም ነጥብ በአንድ አቅጣጫ እኩል ከሸሸ ዳተሙን ጠይቅ።

ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን

ከፖስታ ቤቱ እስከ ቴአትር ቤቱ የቀሩትን ክዳኖች ጨረስን። ትራቨርሱ በ9 ሚሊሜትር ተዘጋ። ከመስታወቱ ሥር ያሉት ነጥቦች በሙሉ በቶታል ስቴሽን የተለኩ መሆናቸው ዝርዝሩ ላይ ለየብቻ ተጽፏል።

ጣሪያው ላይ ወጥተን የተዋስነውን ቤዝ አወረድን፣ አሮጌውን በአዲሱ ኬብል መልሰን ተከልን። ኮኔክተሩን ውሃ በማያስገባ ቴፕ ሦስት ጊዜ ጠቀለልነው። የካፌው ኬብል እንደተጠማዘዘ ነው፣ ፕላስተሩ ግን አዲስ ነው።

ለግዢ ክፍል የጻፍኩት ጥያቄ፦ 20 ሜትር የአንቴና ኬብል ከነ ቲኤንሲ ኮኔክተሩ፣ አንድ መጠባበቂያ፣ እና ጋሊሊዮና ቤይዱን የሚልክ ቤዝ። የመጨረሻው ዘንድሮ አይፈቀድ ይሆናል። ኬብሉ እንኳ ይፈቀድ።